የማታው ኡበር ታክስ፣ ከቀኑ ቼክ ላይ

ማህሌት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ታክስ ነው። ቋሚ ሥራ ኖሯችሁ ማታ ማታ ኡበር ወይ ሊፍት ለምትነዱ፣ ምግብ ለምታደርሱ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ለምትሸጡ።

ብሩክ፦ ግማሹ የዲሲ፣ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሐበሻ በይዋ!

ማህሌት፦ [ሳቅ] ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። "ድሮ ሪፈንድ አገኝ ነበር። ኡበር ከጀመርኩ ወዲህ እኔው ከፋይ ሆንኩ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው አበላሽቶብኝ ይሆን?"

ብሩክ፦ ብዙ ጊዜ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ፓርኪንግ ወይ ሆስፒታል ስትሠሪ አሠሪሽ ከየቼኩ ቆርጦ ያስገባልሻል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ካንቺ ይወስዳል፣ 7.65 በመቶ ደግሞ ከራሱ ኪስ ይጨምራል። ኡበር ግን አሠሪሽ አይደለም። ለታክስ ሲሆን አንቺ ነጋዴ ነሽ። ስለዚህ ሁለቱም ድርሻ ያንቺ ነው፤ 15.3 በመቶ። የገቢ ግብሩ ከዚያ ላይ ይደረባል።

ማህሌት፦ ከስንት ጀምሮ?

ብሩክ፦ የተጣራው ትርፍ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ።

ማህሌት፦ "1099 የሚባለው የገቢ ወረቀት አልተላከልኝም፣ እንግዲህ ምን አገባኝ" የሚልም ሞልቷል።

ብሩክ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኩባንያው 1099-ኬ የመላክ የፌዴራል ግዴታ ያለበት ከ20,000 ዶላርና ከ200 ክፍያ በላይ ሲሆን ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ወደዚያ መልሶታል። ግን ያ የኩባንያው ግዴታ ነው። አንቺ ወረቀቱ መጣም ቀረም ታሳውቂያለሽ። በዜል፣ በባንክ አፕ ማለት ነው፣ የተላከልሽም፣ በእጅሽ የተቆጠረልሽም ያው ገቢ ነው።

ማህሌት፦ ዕቁብስ? ሲደርሰኝ 10,000 ዶላር ባንዴ ይገባል።

ብሩክ፦ ዕቁብ ገቢ አይደለም፣ የራስሽ ገንዘብ ነው ዞሮ የመጣው። ግን ከኡበሩ ጋር አንድ አካውንት ውስጥ ካደባለቅሽው፣ ስትጠየቂ ማስረዳቱ ራስ ምታት ነው። ለጎን ሥራው ለብቻው አካውንት ክፈቱ።

ማህሌት፦ እሺ፣ በቁጥር አሳየን።

ብሩክ፦ እንበል አንድ ሰው ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር ይሠራል። የኡበር የዓመቱ ማጠቃለያ 18,000 ዶላር ይላል። እሱ ደግሞ "ኧረ ባንክ የገባልኝ 13,000 ነው" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። 18,000ው ተሳፋሪው የከፈለው ነው፤ 5,000ውን ኡበር ወስዷል። ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ላይ 18,000ው ይገባና 5,000ው በወጪ ይነሳል። ይሄን የዘለለ ሰው እጁ ላልገባ ገንዘብ ታክስ ይከፍላል።

ማህሌት፦ ጉድ በል! ቀጥሎ ማይል።

ብሩክ፦ ዋናውማ እሱ ነው። በ2025 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ያስቀንስ ነበር። በዚያ ሒሳብ 10,000 ማይል ከነዳ 7,000 ዶላር። ከ13,000ው ሲነሳ 6,000 ይቀራል። 15.3 በመቶው የሚሰላው በዚያ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ 848 ዶላር ገደማ ይመጣል። ማይሉን ካልመዘገበ ግን ስሌቱ በ13,000ው ላይ ነው፤ 1,837 ዶላር። ደብተር ባለመያዝ ብቻ ወደ 1,000 ዶላር!

ማህሌት፦ ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል?

ብሩክ፦ ቀኑ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ለምን፣ ስንት ማይል። በየቀኑ። ታክስ ሲደርስ በግምት የተሞላ ደብተር ያስታውቃል፤ ሁሉም ቀን ድፍን 100 ማይል ይሆናል። ስልክ ላይ የሚመዘግብ አፕም አለ። ተሳፋሪ ጭነሽ የሄድሽው ብቻ አይደለም፤ ልታነሺው የምትሄጂውና አፑን ከፍተሽ ጥሪ እየጠበቅሽ የምትዞሪውም ይቆጠራል። ከቤት ወደ ቋሚ ሥራሽ የምትነጂው አይቆጠርም።

ማህሌት፦ ቤንዚንስ?

ብሩክ፦ 70 ሳንቲሟ ውስጥ አለ። ጎማውም፣ ዘይቱም፣ ኢንሹራንሱም። ሁለቴ መቀነስ የለም። ለሥራው የከፈልሽው ቶል፣ የመንገድ ማለፊያው፣ እና ፓርኪንግ ግን ለብቻው ይነሳል።

ማህሌት፦ የዲሲ ካሜራ ቲኬትስ?

ብሩክ፦ [ሳቅ] እሱን ቻይው። ቅጣት አይቀነስም።

ማህሌት፦ እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ማይሉን እያበዛ ትርፉን ዜሮ የሚያደርግ ታክስ ሠሪ አለ። ሰውም "ጎበዝ ነው" ብሎ ለጓደኛው ይጠቁመዋል። ከዚያ ቤት ልግዛ ሲል ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት ታክስ አምጣ ይላል። የኡበሩ ገቢ? ዜሮ። እናቱን ለማምጣት አይ-864 የሚባለውን የስፖንሰር ቅጽ ሲሞላም ያው ነው። ገቢው ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረሱ የሚታየው ከዚያው ከታክሱ ነው።

ብሩክ፦ ጡረታውም የሚሰላው ባሳወቀው ገቢ ነው። ኦዲት ከመጣ ደግሞ ፈራሚው እሱ ነው፣ መልስ የሚሰጠውም እሱ።

ማህሌት፦ በል መፍትሔውን። ባንዴ ዱብ እንዳይልብን።

ብሩክ፦ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚመጣብሽ ከሆነ በዓመት አራቴ ክፈይ ይላሉ፤ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር፣ ጃንዋሪ፣ ሁሉም በ15። እውነቱን ለመናገር ቀኑን ጠብቆ የሚከፍል ብዙ ሰው አላውቅም። ቋሚ ሥራ ላለው ሰው የሚሻል መንገድ አለ። አሠሪሽ ጋ ሄደሽ ደብሊው-4 የሚባለውን፣ ከቼክሽ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ቅጽ እንደገና ሙዪ። መስመር 4 ሲ ላይ "ከየቼኬ ይሄን ያህል ጨምራችሁ ቁረጡ" ትያለሽ።

ማህሌት፦ ለኡበሩ ዕዳ ከፓርኪንጉ ቼክ?

ብሩክ፦ አዎ። አይ አር ኤስ፣ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ፣ ከየትኛው ሥራ እንደተቆረጠ ጉዳዩ አይደለም። የቅድሙን ሰውዬ እንውሰድ። 848ቱ አለ። 12 በመቶ እርከን ላይ ከሆነ የገቢ ግብሩ 500 ምናምን ይጨምርበታል። ወደ 1,400 እንበለው፣ የስቴቱን ሳይጨምር። በየሁለት ሳምንቱ ለሚከፈለው ዓመቱ 26 ቼክ ነው። 55 ዶላር በየቼኩ። አለቀ። ደግሞ ዘግይተሽ ብትጀምሪም፣ ከቼክ የተቆረጠ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ነው የሚታየው። በራስሽ የምትልኪው ግን ከላክሽበት ቀን ጀምሮ ነው።

ማህሌት፦ ኤፕሪል 15 የደረሰበት፣ ገንዘቡም የሌለውስ?

ብሩክ፦ ባይኖረውም ፋይል ያድርግ፣ የታክስ ቅጹን ሞልቶ ይላክ። ፋይል አለማድረግ በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል። ፋይል አድርጎ አለመክፈል በወር ግማሽ በመቶ ነው፤ ወለድ አለው። በየወሩ ልክፈል ብሎ አይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ ማመልከት ይችላል።

ማህሌት፦ በሚቀጥለው ወደ እንጀራው እንመጣለን። ጤፉ፣ ምጣዱ፣ መብራቱ፣ ፌስታሉ።

ብሩክ፦ ደረሰኝ አትጣሉ። መብራቱን ደግሞ ሙሉውን የቤት ቢል ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ምጣዱ የሚወስደውን ለይታችሁ።

ማህሌት፦ ቻው፣ በሰላም ንዱ።