የእድር ሳህን፦ ረጅም ዝርዝር ስለማሳየት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በስልክና በኮምፒውተር መስኮት ላይ ረጅም ዝርዝር ስለማሳየት ናቸው። አራት አድማጮች ደውለዋል።

ከአዳማ፦ «የእድራችንን አባላት ስም የሚያሳይ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ዊጀት፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ የሚታይ አንድ ክፍል፣ ፈጥሬ በመደዳ ደረደርኩ። ሃያ ስም ሲሆን ጥሩ ነበር፤ 1,800 ሲሞላ ስልኩ ደርቆ ቀረ። ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንም የማያየውን ነገር ስትሠራ ነው የደከምከው። በስልክህ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው አሥር ስም ቢሆን ነው። የቀረውን 1,790 ረድፍ ስልኩ ፈጥሮ፣ ለክቶ፣ ቦታ ሰጥቶ በከንቱ ተሸክሞታል።

መልሱ ከእድርህ ዕቃ ቤት አለ። እድር ሳህን የሚያዘጋጀው በአንድ ጊዜ ለሚቀመጠው ሰው ልክ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ አይደለም። አንዱ በልቶ ሲነሣ ሳህኑ ታጥቦ ለሚቀጥለው ይቀርባል። ዝርዝርም እንዲሁ ነው፦ ጣትህ ወደ ላይ ሲገፋው ከመስኮቱ የወጣው ረድፍ አይጣልም፤ ሌላ ስም ተሞልቶበት ከታች ይገባል። አሥራ አምስት ያህል ረድፍ 1,800 አባል ያስተናግዳል።

በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ አንዱን ምስል ለማዘጋጀት ያለህ ጊዜ 16 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። አዲስ ረድፍ መፍጠር ከዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ የተሠራውን ረድፍ ጽሑፍ መቀየር ግን ቀላል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የመጣው ሊስት ቪው የተባለው የአንድሮይድ ዝርዝር ማሳያ ያገለገለውን ረድፍ ለፕሮግራመሩ ያቀብል ነበር፤ መጠቀም አለመጠቀሙ ግን ለሰውየው ጥንቃቄ የተተወ ነበር። በ2014 የመጣው ተተኪው ሪሳይክለር ቪው ረድፍ መፍጠርንና መሙላትን ለሁለት ተግባር ከፈላቸው። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ውለታ እቆጥረዋለሁ። በእርሱ ሥራው።

ከሐዋሳ፦ «በቁጠባ ማኅበራችን መተግበሪያ ላይ መዋጮ ለከፈለ ሰው ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለ። ለአንዲት እናት ምልክት አድርጌ ወደ ታች ስወርድ ያልከፈለ ሰው ላይም ይታየኛል። ተመልሼ ሳይ ደግሞ ሌላ ሰው ከፍሏል ይላል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ሳልቸኩል ልመልስልሽ። የመጀመሪያው ችግር ያልታጠበ ሳህን ነው። «ከከፈለ ምልክቱን አሳይ» ብለሽ ጽፈሽ «ካልከፈለ አጥፋ» የሚለውን ትተሽው ይሆናል። ረድፉ ከቀድሞው ሰው ምልክቱን ይዞ መጥቷል፤ አጥፋ ያለው የለምና አላጠፋም። ረድፍ በሞላሽ ቁጥር ቀለሙን፣ ምልክቱን፣ ፎቶውን፣ የሚደበቀውንና የሚታየውን ሁሉ በሁለቱም አቅጣጫ ወስኚ። የከፈለውና ያልከፈለው የሚታወቀው ከመዝገቡ ነው፤ ሳጥኑን ጠይቀሽ ማወቅ አትችዪም፤ ሳጥኑ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ተመልሰሽ ስታዪ መዝገቡ የተለወጠውም በእርሱ ሳይሆን አይቀርም። በሳጥኑ ላይ «ሲለወጥ መዝግብ» የሚል ተግባር፣ ማለትም ምልክቱ በተለወጠ ቁጥር የሚነሣ የኮድ ክፍል፣ አስረሻል። ረድፉ ለአዲስ ሰው ሲሞላ ምልክቱን ራስሽ በኮድ ትለውጫለሽ፤ የቀድሞው ተግባር ግን ገና አልተፈታምና ይነሣል፤ ለውጡንም በቀድሞዋ እናት ስም ይጽፋል። ማንም ሳይነካው የሰው ሒሳብ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ የቀድሞውን ተግባር ፍቺ፣ ቀጥሎ ምልክቱን አስተካክዪ፣ በመጨረሻ አዲሱን እሰሪ። እስካሁን የተመዘገበውንም ከወረቀት ደረሰኝ ጋር ሳታመሳክሪ አትመኚው።

ከኢንተርኔት የሚመጣ ፎቶም ካለሽ ተጠንቀቂ። ለአንዱ አባል የተጠየቀ ፎቶ ዘግይቶ ሲደርስ ረድፉ ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ረድፉ ሲለቀቅ ጥያቄውን ሰርዢ።

ከጎንደር፦ «በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በጂቲኬ 4፣ መስኮትና ቁልፍ በሚሠራበት የፕሮግራም መሣሪያ፣ እየሠራሁ ነው። አንድ ቁልፍ ስጫን ሥራው ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል።»

መልስ፦ ጂቲኬ 4 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ይዞት የመጣው የራሱ ሊስት ቪው ረድፎቹን «ፋብሪካ» በሚባል ረድፍ ሠሪ የኮድ ክፍል ያስተዳድራል። ፋብሪካው አራት ምልክቶች ይልካል፦ ሴትአፕ፣ ባይንድ፣ አንባይንድ፣ ቲርዳውን። በሴትአፕ ዊጀቱ ይፈጠራል፤ በባይንድ መረጃ ይሞላበታል፤ በአንባይንድ ከመረጃው ይላቀቃል፤ በቲርዳውን ይፈርሳል። ባይንድ ለአንዱ ዊጀት ብዙ ጊዜ ይመጣል። አንተ ቁልፉን በባይንድ ውስጥ ካሰርከው በየዙሩ አንድ ተጨማሪ ማሰሪያ ይደረብበታል፤ ድግግሞሹ ከዚያ ነው። ቁልፉን በሴትአፕ አንድ ጊዜ እሰረው፤ ሲጫን ረድፉ በዚያ ሰዓት የያዘውን መረጃ ጠይቅ። የግድ በባይንድ የምታስረው ነገር ካለ በአንባይንድ ፍታው። በባይንድ የታሰረ ሁሉ በአንባይንድ መፈታቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቁጠር፤ ቁጥሩ ካልተካከለ ስሕተቱ እዚያ ነው።

ከደሴ፦ «ሪሳይክለር ቪው ተጠቅሜም ዝርዝሩ አሁንም ይዘገያል።»

መልስ፦ ዝርዝሩን በሌላ የሚሸበለል ሳጥን ውስጥ አስገብተህ ቁመቱን «በይዘቱ ልክ» ብለኸው እንደሆነ ተመልከት። ያኔ ዝርዝሩ የመስኮቱን ወሰን አያውቅም፤ ሁሉም የሚታይ ይመስለውና ያለውን ረድፍ ሁሉ ይፈጥራል። ከውጭው ሳጥን አውጣው፤ ከላይ ርዕስና ፎቶ ከነበረ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ረድፍ አድርገህ የራሱን ዓይነት ስጠው። ብርጭቆ ከሳህን ጋር እንደማይደባለቅ ሁሉ የርዕሱ ረድፍ ለስም፣ የስሙ ረድፍ ለርዕስ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ዓይነት በየክምችቱ ይጠበቃል።