አሥራ ሁለቱ ሃያ ሦስቶች

ማሙሽ፦ ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ከጀርባ የውሻ ጩኸት ብትሰሙ የእማዬ ግቢ ነው። አራት ኪሎ፣ እናታችን ሳሎን ቁጭ ብለን ነው የምንቀዳው። ስቱዲዮ የለንም፤ ብርድ ልብስ ግን አለን።

እትዬ፦ ብርድ ልብሱን መስኮት ላይ የሰቀለው እሱ ነው። ድምፅ ያፍናል ብሎ እኛን አፈነን።

ማሙሽ፦ እትዬን ለማታውቋት፣ ለቤታችን ሁለተኛ ልጅ ናት። እኔ አሥራ አንደኛው ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች።

እትዬ፦ ሽንት ጨርቅህን ያጠብኩ ነኝ በላቸው እንጂ።

ማሙሽ፦ ይሄ ይቆረጣል። እሺ፣ የ2017ን ነገር እናውራ። ቤታችን ያን ዓመት እንዴት እንደከረመ። ከጽዋው ጀምሪ።

እትዬ፦ እማዬ የፒያሳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። እኔ ሳልወለድ ነው የገባችው። አሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ ሃያ ሦስት ቀን ይዘክሩ ነበር፤ አንዱ ወር ያንዷ፣ ሌላው ወር የሌላዋ። ግማሾቹ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ። በ2016 ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አንዷ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ አያት፣ ሁለቱ ገላን ገቡ። ያረፉም አሉ። ታዲያ የዚያን ዓመት ነሐሴ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፣ እዚህ ቤት መጡና፣ «በቃ፣ አቅም የለም፣ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን እንመልስ» አሉ።

ማሙሽ፦ እማዬስ?

እትዬ፦ ዝም። ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ። በረካው ላይ «ለመሆኑ የኔ ልጆች ስንት ናቸው?» አለቻቸው። «አሥራ አንድ» አሉ። «ከኔ ጋርስ?» ስትል ሙሴው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ማሙሽ፦ እኛን የጠየቀን የለም እኮ! እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ በስልክ ነው የሰማሁት። «ዕጣ እናወጣለን፣ ማታ ና።»

እትዬ፦ ቆርኪ ላይ ወር ጽፈን በአባዬ ባርኔጣ ውስጥ ጣልን። አባዬ ነፍሱን ይማረውና ቢያይ ይስቅ ነበር።

ማሙሽ፦ እንደዚያም ሆኖ አሥራ ሁለት አልሞላንም። አንዱ ወንድማችን መካነ ኢየሱስ ነው፣ ፕሮቴስታንት። ስድስተኛው። ቤቱ ፀጥ ሲል ትዝ ይለኛል፤ ሁሉም ባርኔጣውን ያያል፣ እሱን የሚያይ የለም።

እትዬ፦ እኔ እንደሚነሳና እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚህ በፊት በዚህ ጉዳይ ተጣልተን እናውቃለን፤ የአባዬ ተዝካር ጊዜ የተናገርኩትን ዛሬም አፍርበታለሁ። እሱ ግን ምን አለ? «እኔ ጽዋ አላነሳም። ሰው ግን አነሳለሁ።»

ማሙሽ፦ አነሳ! ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ሃያ ሦስት፣ በዚያች በአሮጌ ቪትዙ ሽማግሌዎቹን ከየኮንዶሚኒየሙ እየለቀመ አመጣ፣ መለሰ። የሱን ወር የታላቅ እህታችን ልጅ፣ ዲያቆኑ፣ ያዘ።

እትዬ፦ ቱሉ ዲምቱ ያሉት እማሆይ ደግሞ ከዝክሩ በላይ የናፈቃቸው ቅዳሴው ነበር። የድሮ ደብራቸው። ስለዚህ ወንድሜ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ እሳቸውን አስቀድሞ ያመጣል። መጀመሪያ ሰሞን መኪናው ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ለዓመታዊው ንግሥ ስሄድ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ የእማሆይን መቋሚያ ይዞ አየሁት። ምንም አልተናገርኩም፤ አለፍኩ። እሱም አሁንም መካነ ኢየሱስ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

ማሙሽ፦ አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ።

እትዬ፦ የምን ጠብ?

ማሙሽ፦ የጥቅምቱ!

እትዬ፦ እሺ። እኔ ነበርኩ ጥቅምት። ጥቅምት 23 ደግሞ ቀላል ቀን አይደለም፤ ጃንሆይ በ1923 የነገሡት በዚያች ቀን፣ እዚያው ጊዮርጊስ ነው። እኔም እንደ ንግሥ ደገስኩ።

ማሙሽ፦ ድንኳን ተክላ! ክትፎ፣ ዶሮ፣ ቪዲዮ ቀራጭ...

እትዬ፦ ቪዲዮ ቀራጩ የጎረቤት ልጅ ነው፣ በነፃ ነው የመጣው። ግን እውነት ነው፣ አበዛሁት። ከኔ ቀጥሎ ተረኛዋ ሰባተኛዋ እህታችን ናት። መርካቶ ሸማ ትቸረችራለች፤ ያን ሰሞን ገበያው ቀዝቅዞባት ነበር። ለካ ከኔ እንዳታንስ ብላ ብር ልትበደር ሰው አነጋግራለች። እማዬ ናት የደረሰችበት።

ማሙሽ፦ እኔ እንደ ዛሬ የእማዬ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም... ማለቴ እንደዚያን ቀን።

እትዬ፦ «ጊዮርጊስን ነው የምትዘክሪው ወይስ ራስሽን?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ አለቀስኩ። ግን ጠቡን የፈታው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የእማዬ ቁጣ አይደለም። ባሕረ ሐሳቡ ነው፣ የአጽዋማትና የበዓላት አቆጣጠሩ።

ማሙሽ፦ ይሄን ቆጥሬዋለሁ፣ ጠብቂኝ፣ ስልኬ ላይ አለ። ኅዳር 23 የነቢያት ጾም። ታኅሣሥም የነቢያት ጾም። ጥር ዓርብ ዋለ። የካቲትና መጋቢት ዐቢይ ጾም። ሰኔ የሐዋርያት። ሐምሌ ረቡዕ። ነሐሴ፣ የኔው፣ ዓርብ! ከአሥራ ሁለቱ ሃያ ሦስቶች ስምንቱ ጾም። ቅባት የሚበላባቸው መስከረም፣ ጥቅምት፣ ሚያዝያና ግንቦት ብቻ።

እትዬ፦ ሽሮና ምስር ላይ ማን ከማን ይበልጣል? ኅዳር ላይ ያቺ እህቴ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር አቀረበች፤ አለቀ። ብድሩ ቀረ። ከዚያ በኋላ የደገሰ ሁሉ ያንን ነው ያየው። ሚያዝያ ላይ ፋሲካ አልፎ ፍስክ ሲመጣ እንኳ አንድ ቀይ፣ አንድ አልጫ፣ በቃ።

ማሙሽ፦ የበሩንስ ነገር?

እትዬ፦ ድሮ ማኅበሩ ተበልቶ ሲያበቃ የተረፈውን ነበር ለነዳያን የምንወስደው። እማዬ መስከረም ላይ፣ በራሷ ወር፣ ገለበጠችው። ከድስቱ መጀመሪያ የሚወጣው ለደጀ ሰላሙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚቀመጡት ነው አለች። እኔ በልቤ «እንግዳ ቁጭ ብሎ?» ብያለሁ።

ማሙሽ፦ የልጅ ልጆቹ ናቸው የሚያከፋፍሉት። ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት የሆናቸው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ በሁለት ሰው አንድ ሰፌድ ይዘው።

እትዬ፦ የካቲት 23 ትዝ ይልሃል? የዓድዋ ቀን፣ እሑድ፣ ቅድስት ሰንበት ነበር። መንገዱ በሰልፈኛ፣ በጎፈርና በጋሻ ተሞልቷል፤ በዚያ ውስጥ ልጆቹ ሰፌድ ተሸክመው ይሽሎከሎካሉ። ተረኛው አራተኛው ወንድማችን ነው፣ ሚስቱ ወልዳ አራስ ቤት ስለሆነች ሽሮውን የሠራው ራሱ ነው። ልጆቹ ከደጀ ሰላም እየሮጡ ተመለሱ። ትንሿ ምን አለች? «አንድ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጨው የለውም ብላችሁ ንገሯቸው አሉ።»

ማሙሽ፦ (ይስቃል) ቀመስን። ጠብ ያለበት ጨው የለም! ቄሱ ሊደርሱ አሥር ደቂቃ ነው የቀራቸው።

እትዬ፦ ድስቱ ወደ እሳት ተመለሰ፣ ጨው ተነሰነሰ፣ ለደጀ ሰላሙም ሁለተኛ ዙር ሄደ። እኚያ አባባ ባይኖሩ የማኅበሩ መሳቂያ ነበርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ሰፌዱን ካደረሱ በኋላ «ጨዉ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቁጭ ብለው ነው የሚጠይቁት። የሰዎቹንም ስም አወቁ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ ሳንቲም ጥዬ ነው የምሄደው፣ አንዱንም ስሙን ጠይቄ አላውቅም።

ማሙሽ፦ አራሷም ልጇን በሰማንያ ቀኗ እዚያው ክርስትና አስነሳቻት። ቁጠሩልኝ፣ የእማዬ የልጅ ልጅ ሃያ ሦስተኛዋ ሆነች። እኔ አላቀድኩትም።

እትዬ፦ የራስህን ነሐሴ ልትዘል ነው?

ማሙሽ፦ ምን አለው?

እትዬ፦ ጠላው!

ማሙሽ፦ ወንደላጤ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ጋን የለኝም። በፕላስቲክ በርሜል ጠነሰስኩ። ጌሾውን ከሾላ ገዛሁ፣ ብቅሉን እማዬ ሰጠችኝ። ችግሩ ዘግይቼ መጠንሰሴ ነው። ሃያ ሦስት ሲደርስ ገና ጉሽ ነበር፤ ይጣፍጣል፣ ይንጣጣል። ሙሴው ቀመሱና ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ለልጆቹ ጥሩ ነው» አሉ።

እትዬ፦ ጽዋውን ሲያመጣውስ! ያ ጥቁር ሸክላ አንገቱ ላይ ድሮ ተሰንጥቆ በሰም የተያዘ ነው። እማዬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። አራት ፎቅ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወጣ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቄን ይዤ።

ማሙሽ፦ ሊፍቱ አይሠራም ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልዋሽም። ስንት ሰው ያቀፈው ነገር ነው። ቤት ገብቼ የት ላስቀምጠው? ያለኝ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ብቻ። ቴሌቪዥኑን መሬት አወረድኩት።

እትዬ፦ እስካሁን መሬት ነው።

ማሙሽ፦ ለመድኩት። ብቻ አለፈ። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ደግሞ ዕጣው ካሰኝ፤ መስከረም ደረሰኝ! አዲስ ዓመት፣ መስቀል አለፍ ሲል፣ ፍስክ። በግ ተነጋግሬያለሁ፣ ጠላውንም በጊዜ ጠንስሻለሁ።

እትዬ፦ ቀኑን አይተሃል?

ማሙሽ፦ የቱን ቀን?

እትዬ፦ መስከረም 23ን። ስልክህን አውጣ።

ማሙሽ፦ ቆይ... እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር... ስምንት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት ሐሙስ... እትዬ!

እትዬ፦ ዓርብ ነው ማሙሽዬ። ጨው እንዳትረሳ።