22ኛው ምት

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ጉድጓድ ላወራችሁ ነው።

ናዳ ይነሳ እንደሆነ ለማየት በረዶ ውስጥ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በስኪ ሽቅብ ስንወጣ አርፍደናል። (በስኪ ሽቅብ ይወጣል እንዴ? ይወጣል። ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጨርቅ ከስሩ ይለጠፋል።) ከላያችን ማንም ያልረገጠው ቁልቁለት ተዘርግቷል። ለካሁት፤ 35 ዲግሪ። ለስኪ ግሩም ነው። እንደ ሳንቃ ተሰብሮ የሚወርደው የበረዶ ናዳም በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። እኛ የምንወደውንና ናዳ የሚወደውን ቦታ አንድ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ።

በረዶ ከላይ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል። ሲቆፍሩት ግን ድርብርብ ነው። ጣቴን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቁልቁል አስኬድኩት። የላይኛው፣ ነፋስ የጠቀጠቀው፣ ጠንካራ ነው። 40 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ጣቴ ስምጥ አለ። ዘገንኩት። እንደ ስኳር ነው፤ ልጨብጠው ስል በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ከስር ሞቅ ብሎ ከላይ ብርዱ ሲጸና፣ በበረዶው ውስጥ ሽቅብ የሚሄደው እንፋሎት ቅንጣቶቹን ያሳድጋቸዋል፤ መያያዛቸውን ግን ያላላዋል። ከባዱ ንጣፍ የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ ቆርጬ አካፋዬን አናቱ ላይ አደረግኩ። 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ መምታት ነው፤ ዓምዱ ብዙ ምት ከቻለ ጥሩ ምልክት ነው። በ22ኛው ምት ስኳሩ ላይ ተቆረጠ። የላይኛው ክፍል እንደ መሳቢያ ሸርተት ብሎ ወጣ።

«22 አሪፍ ነው» አልኩ።

«አወጣጡን አየኸው?»

«አየሁት።»

ዓይኔማ አይቷል። እንዲያ ለስልሶ ከተንሸራተተ ቁጥሩ ብዙ እንደማያጽናና አውቃለሁ። ደግሞ አንድ ጉድጓድ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ 20 ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ ታሪክ ይኖራል። ልቤ ግን አካፋውን ሳላወጣ በፊት ቁልቁለቱን ወጥቶ ወርዶታል። ምርመራ አልነበረም፤ ፈቃድ ፍለጋ ነበር።

ስኪዬን አጥልቄ ጥቂት እንደተራመድኩ ከስሬ «ዉምፍ» አለ። ከባድ ፍራሽ ወለል ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ዓይነት። የቆምንበት በረዶ ትንሽ ዝቅ አለ። ያ ስኳር ተደርምሶ ነው። ቦታው ለጥ ያለ ስለሆነ የሚንሸራተት ነገር አልነበረም። ግን ሜዳ ላይ ቆሞም ከላይ ያለውን ናዳ መልቀቅ ይቻላል፤ ስብራቱ በውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ሁለታችንም ቀና አልን። ትንፋሼን መያዜን ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

አልወረደም።

ማናችንም ምንም አላልንም። ዞረን በመጣንበት ዱካ፣ ተራርቀን ተመለስን። ከዚያ ገር በሆነው፣ ከላዩ ምንም በሌለው በኩል ወረድን። በረዶው እግር ይይዛል፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ጓደኛዬ መኪና ውስጥ እስክንገባ ጠብቆ «22 አሪፍ ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ስልኩ ላይ የተመዘገብኩት «22» ተብዬ ነው።