ድርጅቶች መቼ ይቀጥራሉ? መቼስ ያሠለጥናሉ?

[ምስል፦ የቤት ዕቃ ፋብሪካ፤ ጠረጴዛ ላይ የተከመሩ የትዕዛዝ ወረቀቶች]

ለአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ በዚህ ወር ከወትሮው እጥፍ ትዕዛዝ መጣለት እንበል። ባለቤቱ በቅድሚያ ምን ያደርጋል? «ሠራተኛ ይቀጥራል» ብላችሁ ከሆነ፣ ቸኩላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ያሉትን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት ያሠራል። ትዕዛዙ በሚቀጥለው ወርም ካልቀነሰ ጊዜያዊ ሠራተኞችን ያስገባል። ገበያው ለወራት እንደሞቀ ከቆየ ቋሚ ቅጥር ይጀምራል። ማሽን መግዛት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ይህን ከንፍገት አትቁጠሩት። ወንበር የሚገዛ ከሌለ አናጢ የሚቀጥር አይኖርም፤ የሠራተኛ ፍላጎት የሚወለደው ከዕቃው ፍላጎት ነው። ደግሞም እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ይልቅ ለመቀልበስ ይከብዳል። ትርፍ ሰዓትን ነገ ማቆም ይቻላል። ቋሚ ሠራተኛን ማሰናበት ካሣም ውዝግብም ያስከትላል። ማሽኑማ ከነብድሩ ለዓመታት ይቀመጣል። ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሣው ጥያቄ ስለዚህ አንድ ነው፦ ይህ ገበያ እስከ መቼ ይዘልቃል?

[ምስል፦ አዲስ ማሽን ሲተከል]

ማሽኑ ተተከለ። ማን ያንቀሳቅሰው? ሥልጠና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚሁ ነው። ማሽን ተነሥቶ ወደ ተፎካካሪ ፋብሪካ አይሄድም፤ የሠለጠነ ሠራተኛ ግን ይሄዳል።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥልጠናን በሁለት ከፍሎ አየው። አንዱ የትም ቢሄዱ የሚያገለግል ነው፤ ብየዳ ወይም የሒሳብ አያያዝ እንደዚያ ነው። ሌላው ከዚያ ድርጅት ውጪ እምብዛም አይጠቅምም፤ ለምሳሌ የአንድ ፋብሪካ ብቻ የሆነ የአሠራር ሥርዓት። በቤከር ስሌት ድርጅት ገንዘቡን አውጥቶ ማስተማር የሚያዋጣው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ሠራተኛው ራሱ ይከፍልበታል፤ በሥልጠናው ወቅት ዝቅ ያለ ደመወዝ ይቀበላል። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ዓለም ግን እንደዚያ ንጹሕ አይደለችም። ሥራ መቀየር አስቸጋሪ በሆነበት ገበያ ሠራተኛው በቀላሉ ስለማይሄድ፣ ድርጅቶች ብየዳንም በራሳቸው ወጪ ያስተምራሉ።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ የመኪና መገጣጠሚያ]

ኢንቨስትመንት ሁሉ ችሎታን ያሳድጋል ብላችሁም አትደምድሙ። ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የመኪና ሻንሲ ሥራ ብዙም ሳይቆይ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ወረደ። ሥራው ተቆራርጦ ተቆራርጦ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ወደ ማጥበቅ ደረሰ። ለመማር ጥቂት ጊዜ ይበቃል፤ ለመሰልቸትም እንደዚያው። በዚያው ዓመት የሠራተኛ ፍልሰቱ 370 በመቶ ደረሰ፤ ኩባንያው ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ በዓመት አራት ጊዜ ገደማ አዲስ ሰው መፈለግ ነበረበት ማለት ነው። በጥር 1914 የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፤ ከፊሉ ጥብቅ የሥነ ምግባር መስፈርት ለሚያሟሉ የሚሰጥ ነበር። የሚለቀው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ሥራውን ግን ያው መስመር እንደወሰነው ቀጠለ።

[ምስል፦ ባዶ የሥራ ወለል]

ገበያው ሲቀዘቅዝስ? ደረጃው ወደ ታች ይወረዳል፦ መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ይቀራል፣ ቀጥሎ ጊዜያዊ ሠራተኞች ይሰናበታሉ። ብዙ የተለፋበት ሠራተኛ መጨረሻ ላይ ይነካል፤ ምክንያቱም እርሱን ማጣት የሥልጠናውን ወጪ አብሮ መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመን ምርት በ5 በመቶ ገደማ ሲወድቅ ሥራ አጥነት እምብዛም አልጨመረም። ድርጅቶች የሥራ ሰዓት ቀንሰው፣ መንግሥት ከጎደለው ደመወዝ ከፊሉን እየሸፈነ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች በቦታቸው ቆዩ።

ይህ የጠቀመው ግን አስቀድመው በር ውስጥ ለነበሩት ነው። በችግር ጊዜ በጀታቸው ቶሎ ከሚቆረጥባቸው መካከል አዲስ ሠልጣኞች ይገኙበታል፤ የነርሱ መቅረት በዚያ ዓመት የምርት ሪፖርት ላይ አይታይም። ገበያው ሲመለስ አሠሪዎች «የሠለጠነ ሰው ጠፋ» እያሉ ያማርራሉ። ጥሩ የማሽን ባለሙያ ለማፍራት ሦስት ዓመት ያህል ቢፈጅ፣ ዛሬ የጠፋው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ሳይቀበሉት የቀሩት ሠልጣኝ ነው።