ስንት ዓይን ታያለህ?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የምቀዳው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ድሬ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድላት። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የ11 ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ላከልኝ። ሜሪላንድ፣ አጎታችን ጋ ነው የሚኖረው። ኮሌጅ ሊጨርስ ነው፤ ቀጥሎ ኦፕቶሜትሪ መማር ይፈልጋል፣ እንደ እኔ። «እህቴ፣ የትኞቹ ጋ ላመልክት?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሳቡ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለማታውቁት፣ ኦፕቶሜትሪስት የዕይታ ባለሙያ ነው። ዓይን እንመረምራለን፣ የመነጽር ቁጥር እናወጣለን፣ ከእኛ በላይ የሆነውን ለዓይን ሐኪም እንልካለን። እኛ አገር በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። አሜሪካ ግን መጀመሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሌላ 4 ዓመት ነው። ኦ.ኤ.ቲ. የሚባል የመግቢያ ፈተናም አለ። ማመልከቻው አንድ ነው፤ በዚያው ብዙ ትምህርት ቤት መላክ ይቻላል። ግን በተጨመረ ቁጥር ክፍያም ይጨመራል። ስለዚህ 11 መላክ ቀልድ አይደለም።

እኔ የመረጥኩት ጎንደርን ነበር። ትምህርቱ በአገራችን መጀመሪያ የተከፈተው እዚያ ነው፤ ሐዋሳ በኋላ ነው የመጣው። እማዬ ሐረር ነርሲንግ እንድማርላት ነበር ምኞቷ፤ ቅዳሜ ወጥቼ ቤት እንድገባ። እውነቱን ልናገር፣ ጎንደርን ስሞላ ስለ ትምህርት ክፍሉ አንድም ሰው አልጠየቅኩም። «የመጀመሪያው ነው» መባሉን ብቻ ነው የሰማሁት። ደግነቱ፣ የደረስኩበት ቦታ ሕመምተኛ የሞላበት ነበር። ከገጠር በሌሊት ተነስተው የሚመጡ አባቶችና እናቶች ኮሪደሩን ሞልተውት ይውላሉ። እጄን ያፍታቱልኝ እነሱ ናቸው።

ሬቲኖስኮፕ የምትባል መሣሪያ አለች። በእጅ የምትያዝ፣ ቀጭን ብርሃን የምታወጣ። ክፍሉን አጨልማችሁ ብርሃኑን ወደ ሰውየው ዓይን ስትልኩ፣ ብሌኑ ውስጥ ቀይ ነጸብራቅ ይታያል። መሣሪያዋን ግራና ቀኝ ስታወዛውዟት ነጸብራቁም ይንቀሳቀሳል። ከብርሃናችሁ ጋር አብሮ ከሄደ ፕላስ ሌንስ ትጨምራላችሁ፤ በተቃራኒው ከሄደ ማይነስ። መወዛወዙ ቆሞ ብሌኑ በሙሉ ቦግ እስኪል ድረስ። ያ ሌንስ ነው ወደ መነጽሩ ቁጥር የሚያደርሳችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም አይታየኝም ነበር። ጓደኞቼ «አየሁት» ሲሉ እኔ ጨለማ ውስጥ እንባዬ ይመጣ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሕፃን ላይ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በቁጥር ብዛት ነው የመጣልኝ።

ዛሬ ድሬ ውስጥ በዚህች መሣሪያ ነው የምኖረው። አንዱ ልጅ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሶማሊኛ ብቻ ይዞ ይመጣል። ፊደል ያልቆጠረ፣ አፍሮ የማይናገር አለ። ሬቲኖስኮፕ ቋንቋ አትጠይቅም።

ባለፈው ወር ደግሞ ከሐረር አንድ ልብስ ሰፊ መጡ፣ ከማኪና ግርግር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ። 52 ዓመታቸው ነው። መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሥራ ይቆማል። ፕላስ 2 መነጽር አደረግኩላቸው፤ ከኪሳቸው መርፌና ክር አወጡ። ይዘው ነው የመጡት! በአንድ ሙከራ አስገቡት። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ላይ፣ ዝቅተኛ ዕይታ ካላቸው ሰዎች 33.4 በመቶው ችግሩ የመጣባቸው መነጽር ሊያስተካክለው በሚችል ጉድለት ነው። ያንን ቁጥር ተማሪ ሆኜ ሸምድጄው ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኚህ ሰው ናቸው የሚመጡብኝ።

እና ወንድሜን ምን አልኩት? አጎታችን ፊላደልፊያ አካባቢ ያለውን ይወድለታል፣ ለቤት ስለሚቀርብ። ሜሪላንድም ሆነ ዲሲ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት የላቸውም። ስለዚህ ከቤት መውጣቱ ካልቀረ፣ ቅርበት አንደኛ መሆን የለበትም አልኩት። ብሩን አስላ፣ ብድር ነውና። እንደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉት የመንግሥት ናቸው፤ ከሌላ ስቴት የመጣ ተማሪ በመጀመሪያ ብዙ ይከፍላል። አንዳንዶቹ ጋ ግን ከዓመት በኋላ ነዋሪ ተብሎ መቆጠር ይቻላል። የቱ ጋ እንደሚቻል በጽሑፍ ጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የናሽናል ቦርድ ውጤት። ኦፕቶሜትሪስት ሆኖ የመሥሪያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልግ፣ ሦስት ክፍል ያለው ፈተና ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ስንት በመቶ ተማሪ እንዳለፈላቸው ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። እዚህ ጋ ዓይንህን ግለጥ አልኩት። በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉትና ደጋግመው ተፈትነው በመጨረሻ ያለፉት አንድ አይደሉም። የኋለኛው ቁጥር ያማረ ነው። ደግሞ አንደኛ ዓመት ስንት ገቡ፣ ስንቶቹ ተመረቁ በል። መንገድ ላይ የቀሩትን ልጆች ያ ፐርሰንት አይነግርህም።

ከሁሉም በላይ ግን ሬቲኖስኮፕ። መቼ ነው ሕመምተኛ የሚሰጡህ? በቀን ስንት ሰው ታያለህ? ሕፃናት ይመጣሉ? ሽማግሌዎች፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ስደተኞች ይመጣሉ? ይህንን ኃላፊዎቹን አትጠይቅ፣ 4ኛ ዓመት ተማሪ ፈልገህ ጠይቅ። የትምህርት ቤት ስም አንጠልጥለህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ምንም እንዳይታይህ አልፈልግም። ይኼን ስለው ድምፄ ተቆራረጠ፤ እሱም ዝም አለ።

ትናንት ማታ በድምፅ መለሰልኝ። ዝርዝሩ 5 ሆኗል። ሂውስተን አለ፣ ኒውዮርክ ያለው የመንግሥቱ አለ፣ ቺካጎ የራሱ ትልቅ ክሊኒክ ያለው አለ። «ደውዬ ጠየቅኩ» አለኝ። «አንዷ ተማሪ ሕመምተኛ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም አለችኝ።» ያንን ከላይ ጻፈው አልኩት።

ክረምት ላይ ይመጣል። ሬቲኖስኮፔን አስይዘዋለሁ፣ ሳሎኑን አጨልመን የእማዬን ዓይን ያያል። እሷ ከአሁኑ እሺ ብላለች። ደህና እደሩ ወዳጆቼ።