የትም የማትሄድ ጀልባ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ጀልባ ነው። ደሴ ተቀምጦ ስለ ጀልባ ማውራት ቅብጠት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ዴንቨር ስኖር አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ነበረችኝ። ካታሊና 22 ይሏታል። ፍራንክ በትለር የሚባል አሜሪካዊ ነው የነደፋት። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከ15 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ በጀልባው ዓለም ኮሮላ በሏት። ርዝመቷ 6.5 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ቢሆን ነው። ጎንበስ ብላችሁ ስትገቡ መኝታ አለ፣ ትንሽ ምድጃም ማስቀመጫ አለ። አድሮ ለመጓዝ የተሠራች ናት።

የእኔዋ የ1974 ሥሪት ነበረች። በኛ 1966 መሆኑ ነው። ወረቀቷ ላይ ዓመቱን ሳየው ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ወሎ ምን ላይ እንደነበረ ለናንተ አልነግርም። እዚያ ሰው ለመዝናኛ ጀልባ ይገጣጥማል፣ እዚህ ወገን መንገድ ላይ ይወድቃል። ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ነገሩ ድንገት ይመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን በስልክ ለእማዬ ነገርኳት። "እና አንተ ጀልባዋን ብትጠላት የሞተው ይመለሳል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

አሮጌ ጀልባ ያለው ሰው ሸራ ከሚዘረጋበት ጊዜ ይልቅ የሚያጸዳበትና የሚጠግንበት ይበልጣል። የጀልባዋ የላይኛው ወለል ሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፍ ነው፤ መሐሉ ላይ ኮምፔንሳቶ አለ። በብሎን ቀዳዳ ውኃ ከገባ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። የሸጠልኝ ሰውዬ ላዩን በቀለም አሳምሮ ነው ያስረከበኝ። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው የካቻቢቴ እጀታ ነው። ወለሉን ቀስ እያላችሁ ታንኳኳላችሁ። ደህናው "ቀጭ ቀጭ" ይላል፣ የበሰበሰው "ዱብ ዱብ"።

ዋናው ነገር ግን ከሆዷ ሥር ነው። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ክንፍ አላት፣ ኪል ይባላል። በአንድ ወፍራም ፒን ተንጠልጥሎ በካቦና በዊንች ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወርድ ጀልባዋ አንድ ሜትር ተኩል ውኃ ትፈልጋለች፣ ሲሰበሰብ 60 ሴንቲ ይበቃታል። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ እንዳትገለበጥ የሚያግዛት፣ ወደ ጎን እንዳትንሸራተትም የሚይዛት እሱ ነው። ለሐይቅ የተመቸችውም በሱ ነው፤ ዳር ድረስ ትጠጋለች፣ በተጎታች ተጭና ቤት ትገባለች። ካቦው ቢበጠስ ግን ያ ሁሉ ብረት ባንዴ ይወርዳል። ስለዚህ በየጸደዩ ካቦውን በጨርቅ ይዤ ከላይ እስከ ታች እዳብሰዋለሁ። አንዲት ክር ከተበጠሰች ጨርቁን ትይዘዋለች። በባዶ እጅ የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ጣታችሁ ላይ ነው የምታገኟት።

የምንሳፈርበት ዲለን የሚባል ሐይቅ ነበር፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጠናቀቀ ግድብ የፈጠረው ነው፤ የዴንቨር ሰው የሚጠጣው ውኃ ይጠራቀምበታል። ለሱ ሲባል የዲለን ከተማ ራሷ ከቦታዋ ተነሥታለች። ከፍታው 2,750 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ነፋሱ በዚያው ፍጥነት ቢነፍስም ሸራውን የሚገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተሩም ይደክማል፤ ካርቡሬተሩ ለቆላ ከተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። የደሴ መካኒክ ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

"የት ትሄድባታለህ?" የሚለውን ጥያቄ ያልጠየቀኝ አበሻ አልነበረም። እውነት ነው፣ አድሮ ለመጓዝ የተሠራች ጀልባ እዚያ የትም አትሄድም። ዞራችሁ ዞራችሁ መኪናችሁ የቆመበት ነው የምትመለሱት። እኔ ግን ትንሽ ሐይቅ ከባሕር በላይ ያስተምራል ባይ ነኝ። የሸራ ጀልባ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ መሄድ አትችልም፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያለች በዚግዛግ ነው የምትወጣው። ባሕር ላይ አንዱን አቅጣጫ ይዛችሁ ሰዓታት ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ተራራ የከበበው ሐይቅ ላይ ግን ነፋሱ በየጥጉ ይዞራል፣ ዳሩም ቶሎ ይደርሳል። እጃችሁ ከገመድ፣ ዓይናችሁ ከውኃው ገጽ አይነሣም።

ስመለስ ጀልባዋን ሸጥኳት። "ለምን በኮንቴነር አላመጣሃትም?" ትሉኛላችሁ። ወርዷ 2.3 ሜትር አለፍ ይላል፣ የኮንቴነሩም በር ያንኑ ያህል ነው። ብትገባም በጭንቅ ነው። የቀረጡን ነገር ተዉት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ እወርዳለሁ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውኃ ማለት ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ። ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ በታንኳ ይወጣሉ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ እነሱ ወደ ዳር ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ የምመኘው ያንኑ ሰዓት ነው።

እና የእንጨት ጀልባ ላሠራ ነው። አራት ሜትር ብትሆን ትበቃኛለች። ኪሉም ከላይ ሰክተው የሚያወርዱት ጣውላ ይሁን፣ ካቦ በቃኝ። ሸራውን ከጥጥ ነው ያሰብኩት። ዳክሮን የሚሉት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሳይመጣ የዓለም መርከብ በጥጥና በበፍታ ይሄድ አልነበር? እኛ ደግሞ ጎረቤታችን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራ አገር ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ግን በምንም አልለውጥም።

ባለፈው አናጢው ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው። ሥዕሉን አገላብጠው አዩት።

"ስንት ሰው ትጭናለች?"

"ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ጋሼ።"

"ከየት የት?"

"ከዚያው እዚያው።"

እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩና ትንሽ አዩኝ። "አብሽር ልጄ፣ እንሠራታለን" አሉ። "ቀብዱን ግን ዛሬውኑ ነው።"