ጠርሙሱ ሲወድቅ ውሃው የት ገባ?

ውድ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቀመር ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ላስገምታችሁ። ለመሳሳት አትፍሩ፤ እንዲያውም ትምህርቱ ያለው እዚያው ነው።

ይህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከግርጌው ተበስቷል፤ ክዳኑም ተከፍቷል። ጣቴን ከቀዳዳው ላይ ሳነሳ ውሃው ይፈስሳል። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ብለቀውስ? እየወደቀ ሳለ አፈሳሰሱ ይብስበታል የምትሉ እጅ አውጡ። ብዙ ናችሁ!

እንግዲህ ዓይናችሁን ከቀዳዳው ላይ አትንቀሉ። ለቀቅኩት… አየር ላይ ሳለ መፍሰሱን አቆመ! ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ፣ ስለ ርጭቱ ይቅርታ።

ውሃውን በቀዳዳው የሚገፋው ከላዩ የተጫነው የውሃ ክብደት ነው። በውድቀት ላይ ግን የጠርሙሱም የውሃውም ፍጥነት በየሰከንዱ እኩል፣ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። አብረው ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ስበት የትም አልሄደም፤ የጠፋው መጫጫኑ ነው።

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት «ስበት በሌለበት ስለሚኖሩ ነው» ሲባል ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያበሳጨኛል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ስበት እዚህ ካለው ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። ጣቢያው ሁልጊዜ እየወደቀ ነው። ነገር ግን በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን ስለሚምዘገዘግ፣ ክቧ ምድር ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች። ልክ እንደ ጠርሙሱ ውሃ፣ ጠፈርተኞቹም ከመርከባቸው ጋር አብረው ይወድቃሉ። አልበርት አንስታይን በ1907 እ.ኤ.አ. የሚወድቅ ሰው ክብደቱ እንደማይሰማው ማሰብ ጀመረ። በ1915 ስበትን የሚያብራራውን የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡን ያቀረበው ከዚህ መነሻ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ልል ሞላ ከላይ ይዤ አንጠልጥዬዋለሁ። ብለቀው የታችኛው ጫፍ መቼ መውደቅ ይጀምራል? «ወዲያው» አላችሁ። እነሆ… የላይኛው እስኪደርስበት ድረስ ንቅንቅ አላለም!

የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው የሞላው ውጥረት ነው። እኔ ከላይ ስለቅ ያ ውጥረት በአንድ ቅጽበት አይጠፋም፤ ለውጡ በማዕበል መልክ ከጥቅል ወደ ጥቅል መውረድ አለበት። እስኪደርስ ድረስ ታች ያለው እንደተደገፈ ይቆያል። ታዲያ የስበት ሕግ ተጣሰ? የለም። የሞላው የክብደት ማዕከል፣ ማለትም የመላ ክብደቱ አማካይ ቦታ፣ ከለቀቅኩበት ቅጽበት ጀምሮ እንደማንኛውም ድንጋይ ወድቋል። የታችኛው ባለበት ሲቆም ታዲያ የላይኛው ከድንጋይ ፈጥኖ መውረድ ግድ ሆነበት። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው።

ዓይን ይህን ለመያዝ ይቸገራል። ስለዚህ ስልኮቻችሁን አውጡና በዝግታ ቀረጻ አዘጋጁ፤ ሞላውን ደግሜ ልለቀው ነው።